እናቴ ያረመችው «ትኩስ ትራስ»

እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ «ትኩስ ትራስ» የሚባለው መጽሐፍ ስለ ወባ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ሳቁ፣ ግድ የለም። የገዛ ልጆቼም ሆዳቸውን ይዘው ስቀውብኛል። ትልቁ ልጄ «እማዬ፣ ያንን መጽሐፍ እኮ ሰው በጋዜጣ ሸፍኖ ነበር የሚያነበው» ይለኛል። የምን ጋዜጣ! እኔ በስምንት ዓመቴ ከጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብዬ ከእናቴ አፍ ነው የሰማሁት። እናቴ ደግሞ ጠዋትና ማታ የምትጸልይ፣ በሐሰት የማትምል ሴት ነበረች፤ ነፍሷን ይማረው። ስለዚህ እሷ ወባ ነው ካለች ወባ ነው።

እናቴ የምትሠራው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ነበር። ከፊት ያለው ትልቁ ክፍል የስፌት መኪናዎቹ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። የኋለኛው ክፍል ግን ጸጥ ያለ ነው። እዚያ ቁልፍ ይተከላል፣ የሱሪ ጫፍ በእጅ ይሰፋል፣ የተረፈ ክር ይቆረጣል፣ መጨረሻ ላይ ይተኮሳል። አዲስ ጨርቅና የጋለ ካውያ አንድ ላይ ሲሸቱኝ ዛሬም መንገዴን ትቼ ቆም እላለሁ።

እናቴ መጀመሪያ የመኪና ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን መርፌው አውራ ጣቷን ከነጥፍሯ ወጋው። ቁስሉ ዳነ፣ ጣቷ ግን እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ፤ አይታጠፍም። መርፌ የማይዝ ጣት ይዞ ስፌት ቤት መዋል እንዴት ይሆናል? አለቃው ሊያሰናብታት ነበር። ያዳኗት የኋለኛው ክፍል ሴቶች ናቸው።

«እጃችን ሥራ ላይ ነው፣ ጆሯችን ግን ሥራ ፈት ነው» አሉት። «እሷ ታንብብልን፣ እኛ እንሥራ።»

«ንባብ ሱሪ አይጨርስም» አለ አለቃው።

«ወሬስ ይጨርሳል?» አሉት። እሱም ሳይወድ በግድ ይሞከር አለ። ተሞከረ። ወገቤን እያለች በር ላይ የምትቆመው፣ ክር ላምጣ ብላ ወጥታ ግማሽ ቀን የምትጠፋው፣ ሁሉም ከወንበሯ አልነሳ አለች። ሥራው ሮጠ። እናቴም በአንባቢነት ቀረች። ንባቡ እስካለ ድረስ እሷም አለች፤ ንባቡ የቆመ ቀን እሷም ትወጣለች። ይህንን እኔም በዚያ ዕድሜዬ አውቀው ነበር።

አባቴ በሕይወት ስለሌለ፣ ቤትም ብቻዬን ስለማትተወኝ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ እዚያ እሄዳለሁ። ሥራም ተሰጥቶኝ ነበር። በገመድ የታሰረ ማግኔት ይዤ ከትልቁ ጠረጴዛ ሥር እገባና የወደቀ መርፌና ስፒል እለቅማለሁ። ለዚህ ነው ሰዎቹን ከፊታቸው ይልቅ በእግራቸው የማውቃቸው።

ስማቸውንም በልቤ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። እትዬ ቁልፍ ቁልፍ የምትተክለዋ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ታነባብራለች። ሰው ካልሞተበት ታሪክ አይመስላትም። ማልቀስ ስትፈልግ እግሮቿን መፈተግ ትጀምራለች። እትዬ ካውያ ተኳሿ ናት። ቆማ ስለምትሠራ የወንድ ነጠላ ጫማ ታደርጋለች፤ ምላሷም ከካውያዋ ይብሳል። እሷ የምትወደው ሌላ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ጋሼ መቀስ ደግሞ ቆራጩ ነው፤ ቦታው ከፊት ነው፣ ግን ንባቡ ሲጀመር በየቀኑ ጠመኔ ይጠፋበታል።

«ጠመኔ አይታችኋል?» ይላል በሩ ላይ ቆሞ።

«ጆሮህ ላይ ነው» ትለዋለች እትዬ ካውያ።

«ሌላኛውን ነው።» ከዚያ ይቀመጣል። እሱ የሚፈልገው ድብድብ ነው። ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ሰው ካልተፈነከተ «ይሄ ጸሐፊ ወኔ የለውም» ይላል።

«ትኩስ ትራስ» የመጣው ከመጽሐፍ አከራይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እየተቀባበለ አንብቦት ሽፋኑ እንደ አሮጌ ጨርቅ ለስልሶ ነበር። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ማንም ሳይነካው በራሱ ይከፈታል። እኔ መጽሐፉ ስለታመመ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በር ስር ካለው ወንበሯ ላይ ሆና፣ በዚያች ደረቅ ጣቷ ገጹን ተጭና፣ እንዲህ ስታነብ እሰማለሁ፦

«ወጣቱ ከበርቴ በሩን ዘጋ። ቀስ እያለ ወደ አልጋው ቀረበ። የልጅቱ ልብ ይመታል። ፊቷ እንደ እሳት ግሏል። እሱም ጎንበስ አለና...»

እዚህ ላይ እናቴ ዝም ትላለች። ከላይ የመርፌ ድምፅ እንኳ አይሰማም። የእትዬ ካውያ የእግር ጣቶች ሽቅብ ይነሳሉ።

«...ጎንበስ አለና ግንባሯን ዳሰሳት። ‹ውይ! እንዴት ታተኩሻለሽ! ከመቼ ጀምሮ ነው?› አላት። ‹ከትናንት ማታ› አለች። ‹ምግብስ ይረጋልሻል?›»

ጠረጴዛው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከሥር ሆኜ እነዚህ ሴቶች እንዴት ጨካኞች ናቸው እል ነበር። ልጅቱ በወባ ልትሞትባቸው ነው፣ እነሱ ይስቃሉ።

«ከዚያም» ትቀጥላለች እናቴ፣ «ትራሱ ላይ ያለውን ራሷን ቀና አደረገ። ትራሱ በትኩሳቷ ግሎ ነበር። በእጆቹም የቀሚሷን ዘጠኝ ቁልፎች...»

«ስንት?» አለች እትዬ ቁልፍ።

«ዘጠኝ ይላል።»

«ዘጠኝ ቁልፍ የሚተከልበት ቀሚስ የት ነው ያየው? ሰባት ነው እንጂ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁልፉን ተዪና ይፍታበት!» አለቻት እትዬ ካውያ።

እናቴ እንደገና ዝም አለች። አሁን ሳስበው እነዚያ ዝምታዎቿ የፈጠራ ዝምታዎች ነበሩ፤ ዓይኗ አንድ ነገር ያነባል፣ አፏ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ያን ጊዜ ግን ትንፋሽ የምትወስድ ነበር የሚመስለኝ።

«...የቀሚሷን ዘጠኝ ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቁልፉ በአንዲት ክር ተንጠልጥሏል። ‹ማነው ይሄን የተከለው?› አለ በንዴት። ከኪሱ መርፌና ክር አወጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሻማ ብርሃን፣ ሦስተኛውን አጥብቆ ተከለው። አራተኛውም አላማረውም። ሲነጋ ዘጠኙም ተተክለው ነበር። ‹በይ አሁን ቆልፊውና ተኚ፣ ብርድ እንዳይመታሽ› አላት።»

እትዬ ካውያ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

«እንዲህ ያለ ወንድ ቢመጣልኝ አልጋውም ይቅርብኝ።»

«አንቺ? አልጋው?» አለ ጋሼ መቀስ፤ የሆነ ነገር ተወርውሮ መታው። ከመሬት ሳነሳው ክር የተጠቀለለበት እንጨት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ መጽሐፉ ሰው የሚሰማ መሆኑ ነበር። እትዬ ቁልፍ ሰኞ ዕለት «ማንም አይሞትም እንዴ?» ብላ ካማረረች፣ ማክሰኞ የልጅቱ አክስት ትሞታለች፤ ያውም ኑዛዜዋ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጋሼ መቀስ ካኮረፈ፣ በማግስቱ ከበርቴውና ባላንጣው መድኃኒቱን ማን ያጠጣት በሚል ማንኪያ ይዘው ይተናነቃሉ። መጽሐፍ ማለት አዳሩን የሚያድግ ነገር ይመስለኝ ነበር። ስንቱን መጽሐፍ ገልጬ በማግስቱ ያው ሆኖ ሳገኘው አዝኛለሁ መሰላችሁ።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። በሳምንት አንድ ቀን የሃይማኖት ትምህርት ነበረን። አስተማሪያችን ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ድምፁ ግን ከሰውነቱ የሚበልጥ። ሲያነብልን የመስኮቱ መስታወት ይነዝራል። ያን ቀን የታመመን መጠየቅ እንዴት ያለ ጽድቅ እንደሆነ አስተማረን።

«የታመመ ያስታመመ ሰው ምሳሌ ማን ይሰጠኛል?» አለ።

አንዷ አያቴ አለች። አንዱ ነርስ አለ። እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ነው እጄን ያወጣሁት።

«መምህር፣ ‹ትኩስ ትራስ› ውስጥ ያለው ሰውዬ! ልጅቱን ሦስት ሌሊት ሙሉ አልጋዋ ላይ ሆኖ አስታሟታል። ቁልፏንም...»

ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ።

«ማን ነው እሱን ያነበበልሽ?»

«እናቴ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ነው የምታነብላቸው።»

«ለሁሉም!»

«አዎ መምህር። በሥራ ሰዓት።»

ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑም እንባ ያዘለ መሰለኝ። ልቡ በደግነቱ ተነክቶ ነው አልኩ። «ነገ እዚያው መጥቼ ከአለቃችሁ ጋር እነጋገራለሁ» አለ። መምህሩ ራሱ መጽሐፉን ከየት አወቀው ብዬ ለመጠየቅ ግን ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ልብስ ታጥፋለች። «እማዬ፣ መምህር ሊያመሰግንሽ ሊመጣ ነው!» አልኳት፣ ሁሉንም ነገርኳት። የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠችና አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ደረቋን ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። የታመመች መሰለኝ። ጎንበስ አልኩና ግንባሯን ዳሰስኳት።

«ታተኩሻለሽ እንዴ?» አልኳት። «ምግብስ ይረጋልሻል?»

ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ ጭንቅላቴን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀችኝም። እኔ ምንም አልገባኝም። የምስጋናው ነገር ከብዷት ነው አልኩ።

በማግስቱ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሁለት አዲስ እግሮች ሲገቡ አየሁ። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ክሩ ሁለቴ የታሰረ ጫማ። ከኋላው ተረከዙ የተረገጠው የአለቃው ጫማ።

«አለቃ» አለ መምህሩ፣ «እዚህ ቤት የሚሰፋው የሕፃናት ልብስ ነው። የሕፃናት! ልብሱ ሲሰፋ ምን እንደሚነበብበት ያውቃሉ?»

«እኔ ሱሪው ሲያልቅ ነው የማውቀው» አለ አለቃው። «ግን ነውር ከሆነማ ስማችን ይጠፋል። ትምህርት ቤቶቹ ቢሰሙ ማን ያሰፋናል? ይቁም። እሷንም እንግዲህ...»

አልጨረሰውም። የእናቴ እግሮች ወንበሯ ሥር ገብተው ተጣበቁ። ያን ጊዜ ነው ሊያመሰግናት እንዳልመጣ የገባኝ። ማግኔቱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ቆይ አለቃ!» አለች እትዬ ቁልፍ። «ሳይሰማ ይፈረዳል እንዴ? ይሰማ እንጂ!»

«ታንብብ» አለ አለቃው።

እናቴ ገለጠች። «ከበርቴውም... መጋረጃውን ጋረደ። ወደ እሷም ዞሮ... ሙቀት መለኪያውን ከኪሱ...»

ጥቁሩ ጫማ ሄዶ ከኋላዋ ቆመ።

«የቱ ጋ ነው ሙቀት መለኪያ የሚለው?»

የእናቴ ወንበር ሲጥ አለ።

«አሳዪኛ! እዚህ ገጽ ላይ ሙቀት መለኪያ የሚባል ነገር የለም! ስጪኝ!» መጽሐፉን ነጠቃት። «የተጻፈው እኮ እንዲህ ነው! ይስሙ አለቃ፣ ይስሙልኝ!»

ማንበብ ጀመረ።

ያነበበውን እዚህ አልደግመውም፤ እኔም የልጆች እናት ነኝ፣ እግዚአብሔርንም እፈራለሁ። ያነበበበትን ድምፅ ግን ልንገራችሁ። ሌላ ድምፅ የለውም፤ ቅዱሱን መጽሐፍ የሚያነብልን ድምፅ ነው። ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ ቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ ቃሉን ይጎትተዋል። ከንፈር ሲል መስኮቱ ነዘረ። ከንፈር ብቻም አላለም። «ይህ እንግዲህ ማስረጃ ነው» አለና ገጹን ገለበጠ። «ይህም» አለና እንደገና ገለበጠ። ከዚያ በኋላ ማስረጃ ማለቱንም ተወው።

እኔ ጆሮዬን ቀስሬ ወባውን እጠብቃለሁ። አልመጣም። ማዕበል መጣ፣ ነበልባል መጣ፣ ጡት እንደ ርግብ መጣ፤ አንድ ሰው ግን «አመመሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። እግሮቹን አየሁ። የእትዬ ቁልፍ እግር ተዘርግቶ ቀርቷል። የጋሼ መቀስ ጫማ በሩ ላይ ቆሟል። የአለቃው ተረከዝ ከመሬት ተነስቷል። የእትዬ ካውያ ጣቶች እንኳንስ ሽቅብ፣ ወደ ሰማይ ነው የተነሱት። አንድ መርፌ አይሄድም፣ አንድ መቀስ አይቆርጥም።

ቀድሞ የሸተተው እኔን ነው።

«ተቃጠለ!» ብዬ ጮህኩ ከሥር።

እትዬ ካውያ ካውያውን አነሳች። ጭሱ ጣራ ደረሰ። አለቃው ሱሪውን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቆ ወደ መስኮቱ ያዘው። የአንድ ትንሽ ልጅ ዩኒፎርም ነው፤ መቀመጫው ላይ ልክ የካውያ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ተከፍቶ በዚያ በኩል የመምህሩ ፊት ይታያል።

«እሷ ስታነብ» አለ አለቃው ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ ልብስ ተቃጥሎ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ሁሉም።

«ስንት ገጽ ነው ያነበቡት መምህር?»

«ሁ... ሁለት።»

«አራት ነው» አለ ጋሼ መቀስ። «ጠመኔ ፍለጋ መጥቼ ነው የሰማሁት።»

«ነገሩ እኮ ሱሪው አይደለም!» አለ መምህሩ። «ይህች ሴት ስታታልላችሁ ነው የኖረችው! የሌለውን ነው የምታነብላችሁ!»

«እናውቃለን» አለች እትዬ ቁልፍ።

«ታውቃላችሁ?»

«ከአከራዩ ያመጣሁት እኔ አይደለሁ? ሁለቴ አንብቤዋለሁ።»

«እኔ ሦስቴ» አለች እትዬ ካውያ። «ውስጡ ያለውንማ እናውቀዋለን መምህር። የሷን ነው የማናውቀው። ከበርቴው ነገ ምን እንደሚሰፋላት ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን እውነቱን ልናገር፣ የርስዎም አልከፋኝም። ድምፅ አለዎት።»

«እኔ ግን የሁለቱም ቢሆን ትንሽ ድብድብ ቢገባበት...» አለ ጋሼ መቀስ።

«ዝም በል አንተ! ሞት ነው የጎደለው» አለችው እትዬ ቁልፍ። ማንኛው መጽሐፍ ማንኛውን እንደሚበልጥ ክርክሩ ጦፈ፤ እናቴን የረሷት መሰለ። በዚያ ግርግር መሃል እትዬ ቁልፍ ወደ መምህሩ ተጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔ ግን ከሥሯ ነኝ፣ ሰማኋት።

«መጀመሪያ ላይ እኮ የሚመጡልንን መጽሐፎች ሁሉ እንደተጻፉ ነበር የምታነብልን። ይቺ ልጅ ከጠረጴዛ ሥር መዋል ከጀመረች ወዲህ ነው ወንዱ ሁሉ ቁልፍ መትከል የተማረው።»

እኔ ይህን ስሰማ ኮራሁ። ሰውዬው በእኔ ምክንያት ሙያ ተማረ ማለት ነው ብዬ። ምን ማለቷ እንደነበር የገባኝ የራሴን ሴት ልጅ ታቅፌ፣ ለጆሮዋ የማይሆን ዘፈን የጀመረ ሬዲዮ ለመዝጋት ስሮጥ ነው።

አለቃው ሱሪውን አጣጠፈና ብብቱ ሥር አደረገው።

«የሷ ይቀጥላል» አለ። «መምህር፣ የርስዎን ንባብ ቤትዎ ያድርጉት። የርስዎ ልብስ ያቃጥላል።»

መምህሩ ወደ በሩ አመራ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞረ። «ቢሆንም ይህ መጽሐፍ ሕፃን ባለበት መቀመጥ የለበትም» አለና ይዞት ሄደ። አከራዩ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰ ጠይቆታል፤ «ገና አልጨረስኩትም» ይለው ነበር አሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ የእናቴን ጥሩዋን እጇን ይዣለሁ። ጥያቄ አፌ ላይ ደርሷል፤ መንገድ ተሻግረን እስክንጨርስ ጠበቅሁ።

«እማዬ፣ መምህሩ ያነበበው ውስጥ ወባው የት ሄደ?»

ትንሽ አሰበች።

«የጻፈው ሰውዬ ረስቶት ነው የኔ ልጅ» አለችኝ። «ብዙ ነገር ተሳስቷል። እኔ እያረምኩለት ነበር።»

አመንኳት። ስምንት ዓመት ሙሉ አመንኳት። ዛሬም ሰው ሐሰት ነው ቢለኝ እከራከራለሁ።

በማግስቱ ሴቶቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ባዶ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ።

«መጽሐፍ የለንም» አለች። «እንዲሁ ልንገራችሁ?»

«እንዲሁማ ወሬ ይሆናል» አለች እትዬ ቁልፍ። «አለቃው ወሬ ከልክሏል። የሆነ ነገር ያዢ።»

እናቴ ዞር ዞር አለች። ከመደርደሪያው ላይ ከአዲሱ የስፌት መኪና ጋር የመጣውን ቀጭን የአጠቃቀም መመሪያ አነሳች። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። ገለጠችው። ጉሮሮዋን አጸዳች።

«ምዕራፍ አንድ» አለች። «ዘይት ስለ መቀባት።»

«ማንን?» አለች እትዬ ካውያ።

ከላይ መርፌዎቹ መሄድ ጀመሩ።